ሰው እንዳለ ማስመሰል፦ የሐሰተኛ ተርሚናሎችና የተርሚናል መስኮቶች ዳሰሳ

አንድ ፕሮግራመር በየሌሊቱ ከሩቅ ሰርቨር ፋይል የሚያመጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ፕሮግራሙ ወደ ሩቅ ማሽን የሚያስገባውን ኤስኤስኤችን ይጠራል፤ ኤስኤስኤች የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ደግሞ መልሱን በፓይፕ ሊያቀብለው ተዘጋጅቷል። ፓይፕ የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ወደ ሌላው መግቢያ የሚያፈስስ ቧንቧ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ግን ጥያቄው በቧንቧው አልመጣም። ፕሮግራመሩ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ብቅ ብሎ ሰው እስኪተይብ ይጠብቃል። በቧንቧው የተላከው የይለፍ ቃል አንባቢ አጥቶ እዚያው ቀረ።

እዚህ የተበላሸ ነገር የለም። ኤስኤስኤች የይለፍ ቃልን ከሰው ጣት እንጂ ከቧንቧ መቀበል አይወድም። ስለዚህ መደበኛ መግቢያውን ወደ ጎን ትቶ የሚሠራበትን ተርሚናል ራሱ ፈልጎ ይከፍታል፤ ጥያቄውንም እዚያ ይጽፋል። ለእሱ ተርሚናል ካለ ሰው አለ።

ታዲያ ፕሮግራም ሌላውን ፕሮግራም ሰው ተቀምጦ እንደሚያዘው አድርጎ ማዘዝ ሲፈልግ ምን መንገድ አለው? በተግባር የሚቀርቡለት ሦስት ናቸው፦ ተራው ቧንቧ፣ ፕሮግራመሮች በአጭሩ ፒቲዋይ የሚሉት ሐሰተኛ ተርሚናል፣ እና በስክሪን ላይ የሚከፈት የተርሚናል መስኮት። ሦስቱ የተለያየ ሥራ አላቸው፤ ሲምታቱ ግን የቀናት ድካም ያስከትላሉ። ይህ ዳሰሳ ከየት እንደመጡ፣ እንዴት እንደሚሠሩና የትኛው መቼ እንደሚበጅ ይመለከታል። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወረቀት ወደ መስኮት

ተርሚናል መጀመሪያ የሚጨበጥ ዕቃ ነበር። በ1963 የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 ኪቦርድና የወረቀት ጥቅል ያለው ጩኸታም ማሽን ሲሆን፣ በሰከንድ 10 ፊደል ያትማል፤ በአንድ መስመር 72 ፊደል ይይዛል፤ ከላቲን ፊደላት የሚያውቀው ትልልቆቹን ብቻ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 በቤል ላብስ ዩኒክስን ሲጀምሩ ኮምፒውተሩን ያናገሩት በእንዲህ ያለ ማሽን ነበር። ዛሬም በሊኑክስና በማክ ውስጥ የተርሚናል ፋይሎች "ቲቲዋይ" የሚባሉት ከቴሌታይፕ ስም አጥሮ በቀረ ቃል ነው።

በ1978 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ያወጣው ቪቲ100 ወረቀቱን በመስታወት ተካው። ስክሪኑ 80 ዓምድና 24 ረድፍ ነበረው። ጠቋሚውን ወደፈለጉት ቦታ ለመውሰድ፣ መስመር ለማጥፋት ወይም ጽሑፍ ለማድመቅ ፕሮግራሙ ከተራው ጽሑፍ መሐል ልዩ የባይት ሰንሰለት ይልካል፤ ኤስኬፕ ሲኩዌንስ ይባላል። ማሽኑ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቋንቋው ግን ሕያው ነው። ዛሬ የምንከፍተው የተርሚናል መስኮት ሁሉ ማለት ይቻላል የቪቲ100ን ቋንቋ ይናገራል፤ ብዙዎቹም ሲከፈቱ 80 በ24 ሆነው ይከፈታሉ።

ቀጥሎ ዕቃው ራሱ ወደ ሶፍትዌር ተለወጠ። ማርክ ቫንደቮርድ በ1984 የጀመረው ኤክስተርም በግራፊክ ስክሪን ላይ ተርሚናልን የሚሥል ፕሮግራም ነው፤ ከ1996 ጀምሮ ቶማስ ዲኪ እየጠገነና እያሳደገ አቆይቶታል። እዚህ ላይ ግን አንድ እንቆቅልሽ ተፈጠረ። በመስኮቱ ውስጥ የሚሠራው ትዕዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም፣ ሼል፣ የሚያውቀው ከኋላ ገመድ ያለውን ዕቃ ነው። መስኮት ደግሞ ገመድ የለውም። ከሌላ ከተማ በኔትወርክ የሚገባ ተጠቃሚም እንደዚሁ፤ ሼሉ ገመድ ይፈልጋል፣ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ገመድ ግን የለም። በ1983 የወጣው 4.2 ቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ዝርያ ይዞት የመጣው ሐሰተኛ ተርሚናል ለሁለቱም መልስ ሆነ፦ ገመዱን የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ በማስታወሻ ውስጥ ይፈትለዋል።

ሁለት ጫፍና አንድ እልፍኝ አስከልካይ

ሐሰተኛ ተርሚናል ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው የተቆጣጣሪው ጫፍ ነው፤ መስኮቱ፣ የኤስኤስኤች ሰርቨሩ ወይም እኛ የጻፍነው ፕሮግራም ይይዘዋል። ሁለተኛው የተርሚናሉ ጫፍ ነው፤ ሼሉ ወይም ሌላው ታዛዥ ፕሮግራም ይይዘውና እውነተኛ ዕቃ የያዘ ይመስለዋል። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ይነበባል።

እስካሁን ቧንቧ ይመስላል። ልዩነቱ በመሐል የቆመው ነው፤ የከርነል ጸሐፊዎች ላይን ዲሲፕሊን ይሉታል። በድሮው ቤተ መንግሥት ባለጉዳይ ዘው ብሎ አይገባም፤ እልፍኝ አስከልካይ አለ። ላይን ዲሲፕሊንም እንዲያ ነው። የተተየበውን ፊደል ወዲያው አያሳልፍም፤ ኢንተር እስኪመታ ይዞ ያቆየዋል፤ እስከዚያ ድረስ ተጠቃሚው ስሕተቱን በማጥፊያ ቁልፍ ማረም ይችላል። የተተየበውን መልሶ ወደ ስክሪን ያስተጋባል። ኮንትሮል-ሲ ሲመጣ እንደ ፊደል አያስገባውም፤ ወደ ውስጥ ሲግናል ልኮ ፕሮግራሙን ያስቆማል። ኮንትሮል-ዲ በመስመር መጀመሪያ ላይ ሲመጣ "ግቤት አልቋል" ብሎ ይተረጉመዋል። ወደ ውጭ በሚወጣው ላይም እጁ አለ፤ የመስመር መጨረሻውን አንድ ባይት ወደ ሁለት ይለውጠዋል፤ ቴሌታይፕ ወረቀቱን ወደ ላይ ከመግፋት በተጨማሪ የማተሚያ ራሱን ወደ ግራ መመለስ ነበረበትና። እንደ ጽሑፍ አራሚው ቪም ያሉ ሙሉ ስክሪን የሚይዙ ፕሮግራሞች ሲነሡ ይህን እልፍኝ አስከልካይ ያሰናብቱታል፤ ሲወጡ መልሰው ያቆሙታል። ተገደው ሲገደሉ ግን ሳይመልሱት ይሞታሉ፤ ያኔ የምንተይበው የማይታይበት፣ ኢንተርም የማይሠራበት ተርሚናል ይገጥመናል።

ሌላው ዐቢይ ነገር ባለቤትነት ነው። ዩኒክስ ፕሮሰሶችን በጉባኤ ይሰበስባል፤ ለአንድ ጉባኤ አንድ ተቆጣጣሪ ተርሚናል ይሰጠዋል። በመግቢያችን ላይ ኤስኤስኤች ፈልጎ የከፈተው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሐሰተኛ ተርሚናል ፈጥሮ ለልጅ ፕሮሰስ መግቢያና መውጫ አድርጎ ማያያዝ ብቻ አይበቃም። ልጁ አዲስ ጉባኤ መጀመርና ያንን ተርሚናል የራሱ ማድረግ አለበት፤ አለዚያ የይለፍ ቃል ጥያቄው እንደገና የፕሮግራመሩ ስክሪን ላይ ይወጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ጥሪ የሚጨርሰው ፎርክፒቲዋይ የተባለው ፋንክሽን ነው፤ ደረጃዎቹን በእጅ ከመደርደር እሱን መጥራት ይሻላል።

ድሮ ሐሰተኛ ተርሚናል ማግኘት ራሱ ፈተና ነበር። በቢኤስዲ ዘዴ ጥንዶቹ አስቀድሞ ስም ወጥቶላቸው ይቀመጣሉ፤ ፕሮግራሙ ነጻ እስኪያገኝ በየተራ ያንኳኳል። የባለቤትነትና የፈቃድ አሰጣጡም የጸጥታ ቀዳዳ ነበረው። በኋላ ዩኒክስ 98 በተባለው ደረጃ የተደነገገው መንገድ አንድ በር ብቻ አስቀረ፤ በሩን የከፈተ ሁሉ የራሱን አዲስ ጥንድ ያገኛል። ሊኑክስ ዛሬ በዚሁ ይሠራል፤ ሳይነካ ሲቀር ጣሪያው 4096 ጥንድ ነው።

ቧንቧ መቼ አይበቃም?

ፕሮግራሞች ሲነሡ መውጫቸው ተርሚናል መሆኑን ይጠይቃሉ፤ በመልሱም ጠባያቸውን ይለውጣሉ። ፋይል የሚዘረዝረው ትዕዛዝ ተርሚናል ሲያይ በቀለምና በዓምድ ይጽፋል፤ ቧንቧ ሲያይ በየመስመሩ አንድ ስም ያሰልፋል። ፋይል አውራጆች ለሰው የሚያሳዩትን እያደገ የሚሄድ መለኪያ ለቧንቧ ይተዉታል ወይም ይለውጡታል።

ሳይታይ የሚጎዳው ግን የቋት፣ ማለትም የጊዜያዊ ማጠራቀሚያ፣ ጉዳይ ነው። የሲ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ መውጫው ተርሚናል ከሆነ በየመስመሩ ያስወጣል፤ ቧንቧ ከሆነ ቋቱ በሺህ የሚቆጠር ባይት እስኪሞላ ያጠራቅማል። ጠሪው ፕሮግራም "ዝግጁ ነኝ" የሚል አንድ መስመር ሲጠብቅ፣ ተጠሪው ያንን መስመር በቋቱ ውስጥ ይዞ ቀጣዩን ትዕዛዝ ይጠብቃል። ሁለቱም ተፋጥጠው ይቀራሉ። በኪቦርድ ሲሞከር ደህና የነበረ ነገር በፕሮግራም ሲጠራ የሚደነዝዘው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሐሰተኛ ተርሚናል ሲሰጠው ወዲያው ይፈታል።

ከዚህ ሌላ ሙሉ ስክሪን የሚይዙ ፕሮግራሞች፣ በኮንትሮል-ሲ መቋረጥ ያለባቸው ሥራዎችና ተርሚናል ፈልገው የሚከፍቱ የይለፍ ቃል ጠያቂዎች ቧንቧን አይቀበሉም። ኤስኤስኤች ራሱ አንድ ትዕዛዝ ብቻ ተሰጥቶት ወደ ሩቅ ማሽን ሲሄድ በራሱ ፈቃድ ሐሰተኛ ተርሚናል አያስከፍትም፤ ሲያስፈልግ በምርጫ እንዲያስከፍት ይታዘዛል። ፕሮግራሞችን ነጥሎ በሚያስኬደው በዶከርም ሁለቱ ተለያይተዋል፦ መግቢያውን ክፍት ማቆየት አንድ ምርጫ ነው፤ ተርሚናል መስጠት ሌላ ምርጫ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አጣብቆ መጻፍ ስለለመደ አንድ ነገር ይመስሉታል። በሰዓት ቆጣሪ በሚነሣ ሥራ ውስጥ ሲገለብጣቸው ግን "ይህ ተርሚናል አይደለም" የሚል ስሕተት ይጠብቀዋል።

የማስመሰል ዋጋ

ሐሰተኛ ተርሚናል ውስጥ የገባ ሁሉ የሰውን ጣጣ አብሮ ይወርሳል። መጀመሪያ የሚጠፋው ልዩነት ነው። በቧንቧ ጊዜ የፕሮግራሙ ውጤትና የስሕተት መልእክቱ በሁለት መንገድ ይመጣሉ፤ በተርሚናል ግን አንድ ስክሪን ላይ ስለሚጻፉ ተቀላቅለው ይወጣሉ። ቀጥሎ የላክነው ነገር ተስተጋብቶ ይመለስብናል፤ ማስተጋባቱን ያላጠፋ ፕሮግራም የራሱን ትዕዛዝ እንደ መልስ ያነባል። በውጤቱ ውስጥ የቀለም ትዕዛዞችና ትርፍ የመስመር ምልክቶችም ይዘንባሉ።

"ጨርሻለሁ" ማለት ራሱ ይከብዳል። ቧንቧ ሲዘጋ አንባቢው መጨረሻውን ያውቃል፤ ውጤቱን ግን በሌላው ቧንቧ ማውጣቱን ይቀጥላል። ሐሰተኛ ተርሚናል ግማሽ አይዘጋም፤ የተቆጣጣሪው ጫፍ ሲዘጋ ልጁ ስልክ እንደተዘጋበት ሰው የመቋረጥ ሲግናል ይደርሰውና አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። መጨረሻን ለማሳወቅ እንደ ሰው ኮንትሮል-ዲ መላክ ያስፈልጋል። በተቃራኒው ልጁ ሲጨርስ ሊኑክስ ለአንባቢው የሚሰጠው "አለቀ" ሳይሆን የግቤትና ውጤት ስሕተት ነው፤ ማክ ደግሞ ተራ መጨረሻ ይሰጣል። በአንዱ የተፈተነ ፕሮግራም በሌላው የሚወድቅባት አንዷ ጠባብ ቦታ ይህች ናት።

የስክሪኑ ስፋትም አለ። በሊኑክስ አዲስ የተፈጠረ ጥንድ ስፋቱም ቁመቱም 0 ነው። መስኮት ሲሆን መስኮቱ ልኩን ይነግረዋል፤ ተጠቃሚው መስኮቱን ሲለጥጥም ለውስጠኛው ፕሮግራም ሲግናል ይሄዳል። ጥንዱን የፈጠረው የእኛ ፕሮግራም ከሆነ ግን ልኩን መንገር የእኛ ግዴታ ነው፤ ካልተነገረ አንዳንዱ 80 በ24 ብሎ ይገምታል፣ አንዳንዱ ገጹን ያበላሻል።

የተሞከሩ መሣሪያዎች

በዚህ መንገድ ላይ የቆየው ስክሪፕት የተባለው ትዕዛዝ ነው፤ ከቢኤስዲ ጋር ወጥቶ የተርሚናል ውሎን ወደ ፋይል ይቀዳል። ትልቁን እርምጃ የወሰደው ግን ዶን ሊብስ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠራ ኤክስፔክትን ጽፎ በ1990 ለዩኒክስ ባለሙያዎች ጉባኤ አቀረበ። ሐሳቡ የሦስት ግሥ ነው፦ ፕሮግራሙን አስነሣ፣ ይህን ጽሑፍ ጠብቅ፣ ያንን መልስ ላክ። ፓይቶን ላይ ፒኤክስፔክት የተባለው ላይብረሪ ይህንኑ ወርሷል።

የዚህ መንገድ ድካሙ ለሰው ዓይን የተጻፈን ጽሑፍ እንደ ውል መያዙ ነው። ጥያቄው በአዲስ እትም አንድ ቃል ቢቀየር፣ ወይም ማሽኑ በሌላ ቋንቋ ቢዘጋጅ፣ ጠባቂው ፕሮግራም ሰዓቱ እስኪያልፍ ቆሞ ይቀራል። ፍጥነትም ችግር ያመጣል። ብዙ ፕሮግራሞች መጀመሪያ "የይለፍ ቃል" ብለው ይጽፋሉ፤ ማስተጋባቱን የሚያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። ለሰው ጣት ይህ ክፍተት የለም ያህል ነው፤ ለፕሮግራም ግን ሰፊ ነው። መልሱ ቀድሞ ከደረሰ የይለፍ ቃሉ ተስተጋብቶ በመዝገብ ላይ ይቀራል። ፒኤክስፔክት ከመላኩ በፊት ሳይታዘዝ 50 ሚሊሰከንድ የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውን ማስመሰል የሰውን ዝግታ ጭምር ማስመሰል ሆነ።

ሁለተኛው ወገን ተርሚናልን ከመስኮቱ የሚያላቅቅ ነው። በ1987 የወጣው ስክሪን የተባለ ፕሮግራምና በ2007 የወጣው ቲመክስ በሁለት ተርሚናሎች መሐል ይቆማሉ፦ ለሼሉ እንደ መስኮት፣ ለመስኮቱ እንደ ሼል። ኔትወርክ ቢቋረጥ ሥራው አይሞትም፤ ሌላ ቀን ከሌላ ቦታ ይቀጥላል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ሆኖ ውጭ ያለ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይህን ጥቅም ለማመን ማስረጃ አያስፈልገውም። ቲመክስ ለፕሮግራምም ይመቻል፤ ቁልፍ መላክና በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ መቅዳት በትዕዛዝ ይቻላል።

ዊንዶውስ ለረጅም ጊዜ ከዚህ ዓለም ውጭ ነበር። በዚያ ፕሮግራሞች ወደ ኮንሶል የሚጽፉት በባይት ፍሰት ብቻ አልነበረም፤ "በዚህ ረድፍ፣ በዚህ ዓምድ፣ ይህን ፊደል አኑር" የሚሉ ጥሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ዊንፒቲዋይ የተባለው መፍትሔ የማይታይ ኮንሶል ከፍቶ ስክሪኑን ደጋግሞ እያነበበ ለውጡን ወደ ኤስኬፕ ሲኩዌንስ ይተረጉም ነበር። ማይክሮሶፍት ኮንፒቲዋይ ያለውን የራሱን ሐሰተኛ ኮንሶል በጥቅምት 2018 በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ሰጠ። ዛሬ ቪኤስ ኮድ ውስጥ ከታች የሚከፈተው ተርሚናል በሊኑክስና በማክ ፒቲዋይን፣ በዊንዶውስ ኮንፒቲዋይን ይጠቀማል፤ መስኮቱን የሚሥለው ደግሞ በድር ቴክኖሎጂ የተጻፈው ኤክስተርም ጄኤስ ነው።

በተቃራኒው የሄዱም ነበሩ። ዩኒክስ በተወለደበት በቤል ላብስ በኋላ የተሠራው ፕላን 9 በመስኮቶቹ ውስጥ ተርሚናልን ማስመሰል ትቷል፤ መስኮቱ ራሱ ሊታረም የሚችል ጽሑፍ ነው። ቪቲ100ን የግድ ለሚፈልግ የተለየ ፕሮግራም አስቀምጦለታል። ንጹሕ ሐሳብ ነበር፤ ዓለም ግን የለመደውን ቋንቋ አልተወም።

መስኮት ለማን ይከፈታል?

ብዙ ጀማሪዎች ሐሰተኛ ተርሚናል ሲያስፈልጋቸው መስኮት ይከፍታሉ። ኤክስተርምን ጠርቶ በውስጡ ትዕዛዝ ማስነሣት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥንዱን የፈጠረውና የተቆጣጣሪውን ጫፍ የያዘው ኤክስተርም ነው። ጠሪው ፕሮግራም በመስኮቱ ውስጥ የሚባለውን አይሰማም፤ በመስኮቱ በኩል የሚናገርበትም መንገድ የለውም። በሩን ከፍቶ ውጭ የቀረ ሰው ይሆናል።

ኤክስተርም ለዚህ የቆየ መውጫ አለው፦ ጥንዱን ፕሮግራሙ ራሱ ፈጥሮ የተቆጣጣሪውን ጫፍ ለኤክስተርም ያስረክባል፤ የተርሚናሉን ጫፍ ለራሱ ያስቀራል። ያኔ መስኮቱ የፕሮግራሙ ሁለተኛ ስክሪን ይሆናል፤ የሚጽፈው ይታያል፣ ሰው የሚተይበው ይመጣለታል። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ኤክስተርም በዚህ ዘዴ ሲነሣ መጀመሪያ የሚልከው የመስኮቱን መለያ ቁጥር የያዘ አንድ መስመር ነው። ያንን አንብቦ ያልጣለ ፕሮግራም ተጠቃሚው የማይገባ ቁጥር የተየበ ይመስለዋል።

ሌሎቹ መስኮቶች ሌላ ጠባይ አላቸው። የኖም ዴስክቶፕ ተርሚናል መስኮቱን የሚከፍተው ከበስተጀርባ ባለ አንድ አገልጋይ ፕሮሰስ ስለሆነ፣ የጠራነው ትዕዛዝ መስኮቱ ክፍት እያለ ወዲያው ጨርሶ ይመለሳል። መስኮቱ እስኪዘጋ መጠበቅ የሚፈልግ ፕሮግራም "ጠብቅ" የሚለውን ምርጫ መጨመር አለበት። በየመስኮቱ የትዕዛዝ አሰጣጡም ይለያያል፤ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ነባሪውን መስኮት በአንድ የወል ስም መጥራት እንዲቻል አድርጓል፤ ያ ግን ከዴቢያን ቤተሰብ ውጭ አይሠራም።

መስኮት በእውነት የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ ለምሳሌ ስሕተት አደን። ሙሉ ስክሪን የሚይዝ ፕሮግራም ከስሕተት መርማሪው ጂዲቢ ጋር አንድ ተርሚናል ሲጋራ የሁለቱ ጽሑፍ ይደበላለቃል። ጂዲቢ የሚመረመረውን ፕሮግራም ወደ ሌላ ተርሚናል እንዲያዞር ማዘዝ ይቻላል፤ በአንዱ መስኮት መርማሪው፣ በሌላው ተመርማሪው ይቀመጣሉ። እዚህ ሁለቱንም የሚያነብ ሰው አለና መስኮቱ ተገቢ ነው።

ከውስጥ የሚመጣ አደጋ

ተርሚናል ጽሑፍን ብቻ ሳይሆን ትዕዛዝንም በአንድ መንገድ ስለሚቀበል፣ ያልታመነ ፋይል ማሳየት ራሱ አደጋ አለው። ኤች ዲ ሙር በ2003 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ አንዳንድ መስኮቶች የርእሳቸውን ጽሑፍ በኤስኬፕ ሲኩዌንስ ማስቀየር ብቻ ሳይሆን ርእሱን መልሰው ሰው እንደተየበው አድርገው እንዲልኩ ማድረግ ይቻል ነበር። ክፉ ፋይል ርእሱን ትዕዛዝ አድርጎ ካስመለሰ በኋላ የሚቀረው ተጠቃሚው ኢንተር መምታቱ ብቻ ነው።

ሌላው ቀዳዳ በከርነሉ ውስጥ ነበር። በተርሚናሉ ጫፍ ያለ ፕሮግራም በራሱ ተርሚናል መግቢያ ላይ ፊደል እንዲጨምር የሚፈቅድ ጥሪ አለ። ትዕዛዝን በሌላ ተጠቃሚ ፈቃድ በሚያስነሣው በሱዶ ወይም በሌላ መንገድ በዝቅተኛ ፈቃድ የተነሣ ፕሮግራም ይህን ጥሪ ተጠቅሞ ከወጣ በኋላ ለባለቤቱ ሼል ትዕዛዝ መተው ይችል ነበር። ሊኑክስ ከ6.2 እትም ጀምሮ ይህን መዝጋት አስቻለ፤ ሱዶም ከ1.9.14 ጀምሮ ትዕዛዞችን ሳይጠየቅ በአዲስ ሐሰተኛ ተርሚናል ውስጥ ያስነሣል። ማስመሰያው ገመድ እዚህ ላይ ጋሻ ሆነ።

የእኛ ፊደል በዚህ ገመድ ላይ

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ3.0 እትም በ1999 ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ግን 1 ነው። ተርሚናል በላቲን ዘመን የተሠራ ስለሆነ ይህ ልዩነት በየመገጣጠሚያው ይፈትነዋል።

መጀመሪያ ማጥፊያ ቁልፍ። እልፍኝ አስከልካዩ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ካልተነገረው አንድ ማጥፊያ አንድ ባይት ይቀንሳል፤ ከስክሪኑ ግን አንድ ሙሉ ፊደል ያነሣል። "ሰላም" ብለን ተይበን ሦስት ጊዜ ብናጠፋ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፤ በቋቱ ውስጥ ግን ከ9 ባይት 6ቱ፣ ማለትም "ሰላ"፣ ይቀራል። ኢንተር ስንመታ ያላየነው ቃል ይገባል። ሊኑክስ ለዚህ መፍትሔ የሚሆነውን ምልክት በ2.6.4 እትም ጨመረ፤ በኤስኤስኤች በኩል ወደ ሩቅ ማሽን የሚተላለፍበት ደንብ ግን የወጣው በ2017 ነው። ሐሰተኛ ተርሚናል የሚፈጥር ፕሮግራም ይህ ምልክት መብራቱን ራሱ ማረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው ንባብ ነው። ፕሮግራሞች ከተቆጣጣሪው ጫፍ ብዙ ጊዜ የሚያነቡት በ1024 ወይም በ4096 ባይት ቁራጭ ነው። እነዚህ ሁሉ ሁለት በራሱ እየተባዛ የሚገኙ ቁጥሮች ናቸውና ለ3 ፈጽሞ እኩል አይካፈሉም። ክፍት ቦታ የሌለው የአማርኛ ጽሑፍ በ1024 ሲቆረጥ 341 ፊደል ሙሉ ያልፋል፤ የ342ኛው አንድ ባይት ብቻ ይመጣል። ቁራጩን ለብቻው የሚተረጉም ፕሮግራም ፊደሏን ሰብሮ የጥያቄ ምልክት ያደርጋታል። ተረፉን ይዞ ከቀጣዩ ጋር የሚያገጣጥም ተርጓሚ መጠቀም ግዴታ ነው። በእንግሊዝኛ የሚፈትን ሰው ይህን ስሕተት አያየውም።

ሦስተኛው አሰላለፍ ነው። በሲ ቋንቋ 10 ቦታ ያዝ ተብሎ የታዘዘ አታሚ የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ለ"ሰላም" የሚጨምረው አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን 7 ነበር። ሠንጠረዡ የሚዛባው በዚህ ነው። የተርሚናል ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ፊደላችን አንድ ሕዋስ ይመድባሉ፤ እንደ "ጨ" ያሉ ሰፋፊ ፊደላት ግን ለእኩል ሕዋስ ባልተሣለ ፎንት ሲታዩ ይጨናነቃሉ ወይም ጎረቤታቸውን ይነካሉ። መስኮት የሌለው የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ ቅርጽ አይዝም፤ ለእሱም ቢሆን ጎሃ የተባለ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት ከዴቢያን የኮንሶል ፎንቶች ጋር ተካቷል።

የአተያየብ ዘዴው የመስኮቱ ሥራ መሆኑንም ልብ ማለት ይገባል። ሁለት ቁልፍ ተነክቶ "ሰ" ሲወጣ ገመዱ የሚያየው የተጠናቀቀችውን ፊደል ሦስት ባይት ብቻ ነው። ፕሮግራምም ሲልክ ቁልፎቹን ሳይሆን ፊደሏን መላክ አለበት።

ፍርዱ

ይህን ሁሉ ከተመለከትን በኋላ ምርጫው የሚቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ተርሚናሉን የሚፈልገው ማን ነው? የሚፈልገው ሰው ከሆነ መስኮት ይከፈት። የሚፈልገው ተጠሪው ፕሮግራም ከሆነ ሐሰተኛ ተርሚናል ይሰጠው፤ መስኮት ግን አያስፈልገውም። ማንም የማይፈልገው ከሆነ፣ አብዛኛውም ሥራ እንደዚህ ነው፣ ቧንቧ ይበቃል።

ከቧንቧ ወደ ማስመሰል ከመሻገር በፊት ደግሞ ተጠሪው ለማሽን የተሠራ በር እንዳለው መፈተሽ ይገባል። ኤስኤስኤች ቁልፍ ፋይል ይቀበላል፤ ሱዶ የይለፍ ቃሉን ከመደበኛ መግቢያው እንዲያነብ ይታዘዛል፤ ብዙ መሣሪያዎች ለፕሮግራም የሚመች ቋሚ የውጤት ቅርጽ አላቸው። በመግቢያችን ያየነው ፕሮግራመር ያስፈለገው ቁልፍ ፋይል እንጂ ሐሰተኛ ተርሚናል አልነበረም።

ማስመሰሉ የግድ ከሆነ ፎርክፒቲዋይን ወይም የተፈተነ ላይብረሪ ተጠቀሙ፤ ስፋቱን ንገሩ፤ ማስተጋባቱን አጥፉ፤ መጨረሻውን በሊኑክስም በማክም ፈትኑ። በመጨረሻ በፕሮግራማችሁ በኩል "ሰላም" ብላችሁ ተይቡና ሦስት ጊዜ አጥፍታችሁ ኢንተር ምቱ። በሌላው ጫፍ የደረሰው ባዶ መስመር ከሆነ ለአማርኛም ደርሷል፤ "ሰላ" ከሆነ ሥራው ገና ነው።